ሪፈንድ ላይ አትፈልጉት፣ ፔይ ስታብ ላይ ነው፦ በሥራ በኩል የሚገኝ የጤና ኢንሹራንስና የታክስ ጥቅሙ

በየዓመቱ ደብሊው-2 (ቀጣሪ የዓመቱን ደመወዝና የተቆረጠውን ታክስ የሚያሳውቅበት ፎርም) መምጣት ሲጀምር ስልኬ በፎቶ ይሞላል። ጥያቄው ሁሌም ያው ነው። «ቦክስ 12 ላይ ዲዲ ብለው 10,400 ዶላር ጽፈውብኛል፣ ገቢዬ ላይ ሊደመር ነው እንዴ?» አይደመርም። «እሺ፣ ታዲያ በሪፈንድ ይመለስልኛል?» እሱም የለም። ከዚያ ወዲያ ዝም ነው። ሰውየው ወይ አላመነኝም፣ ወይ ተስፋ ቆርጧል።

እኛ አሜሪካ ያለን ሰዎች የታክስ ጥቅም ሲባል የለመድነው ሪፈንድ ነው። የኢንሹራንሱ ጥቅም ግን በዚያ በኩል አይመጣም። በየሁለት ሳምንቱ ቼካችሁ ላይ፣ ሳይቆረጥ የቀረ ታክስ ሆኖ ነው የሚመጣው። ሳይቆረጥ የቀረ ገንዘብ ደግሞ ማን ያየዋል? ስለማይታይ ብዙ ሰው ሳያውቀው ጥሎት ያልፋል።

ታሪኩን ባጭሩ፦ በ1942፣ ጦርነቱ መሀል፣ የአሜሪካ መንግሥት የደመወዝ ጭማሪ ላይ ገደብ ጣለ። ሠራተኛ የጠፋባቸው ድርጅቶች ደመወዝ መጨመር ቢያቅታቸው በጤና ኢንሹራንስ ማባበል ጀመሩ። በ1954 የወጣው የታክስ ሕግ ቀጣሪ ለሠራተኛው ኢንሹራንስ የሚከፍለው ገንዘብ እንደ ገቢ እንዳይቆጠር አጸናው። በ1978 ደግሞ ሴክሽን 125 የሚባለው የታክስ ሕጉ ክፍል መጣና ሠራተኛው ራሱ የሚያዋጣውም ከታክስ በፊት እንዲቆረጥ ፈቀደ። በቃ፣ ከዚህ በላይ ታሪክ አያስፈልገንም። ወደ ሥራው።

1ኛ፦ ፔይ ስታባችሁን አውጡ

አሁኑኑ። ከየቼኩ ጋር የሚመጣው፣ የተከፈላችሁንና የተቆረጠባችሁን የሚዘረዝረው ወረቀት ነው፣ ስልካችሁ ላይ ያለው የሥራ አፕ ውስጥ አለ። የሚቆረጥባችሁን ዝርዝር እዩ። ሜዲካል፣ ዴንታል፣ ቪዥን የሚሉት መስመሮች የት ነው የተቀመጡት? «ፕሪ-ታክስ» ወይም «ቢፎር ታክስ» ከሚለው ሥር ከሆኑ ደኅና ናችሁ። አንዳንዱ ድርጅት አጠገቡ «ኤስ 125» ወይም «ካፍ 125» ብሎ ይጽፋል፣ እሱም ያው ነው።

«ፖስት-ታክስ» ወይም «አፍተር ታክስ» ሥር ካገኛችሁት ግን ኤች አር ጋ መጠየቅ ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ከሦስት አንዱ ነው። ወይ ድርጅቱ የሴክሽን 125 ፕላን የለውም። ወይ ሲስተሙ ውስጥ በስህተት ተመዝግቧል። ወይ ደግሞ ኢንሹራንሱ ላይ ያስገባችሁት ሰው በሕግ ባል ወይም ሚስት አይደለም። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቀለበት ታስሮ፣ ሠርጉ ለሚቀጥለው ዓመት ተቀጥሮ አብረው የሚኖሩ ጥንዶች አሉ አይደል? አንዳንድ ቀጣሪ እንዲህ ያለውን አጋር ኢንሹራንስ ውስጥ ያስገባል። ግን አጋራችሁ በታክስ ሕግ ጥገኛችሁ ካልሆነ በስተቀር ቀጣሪው ለእሱ ወይም ለእሷ የሚከፍለው ድርሻ የእናንተ ገቢ ላይ ተደምሮ ታክስ ይቆረጥበታል። አገር ቤት በሕግ የተጋባችሁ ከሆነ ግን ጋብቻችሁ እዚህም ጋብቻ ነው፣ የምስክር ወረቀቱን አስተርጉማችሁ ስጡ።

2ኛ፦ ሒሳቡን በራሳችሁ ቁጥር ሥሩ

ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር፣ ያላገባች፣ በሰዓት 25 ዶላር የምታገኝ ሠራተኛ እናስብ። በሁለት ሳምንት 80 ሰዓት፣ ማለትም 2,000 ዶላር። ለኢንሹራንስ በየቼኩ 100 ዶላር ይቆረጥባታል።

ይህ 100 ዶላር ከታክስ በፊት ስለሚወጣ ምን ምን አይነካውም? የፌዴራል ገቢ ታክስ 12 በመቶ። ሶሻል ሴኩሪቲ 6.2፣ ሜዲኬር 1.45። የሜሪላንድ ስቴት 4.75። የሞንትጎሞሪ ካውንቲ ደግሞ በ2025 መጠን 3.2። ሲደመር 27.6 በመቶ። ስለዚህ 100 ዶላር ተቆረጠ ቢባልም ከኪሷ የጎደለው 72 ዶላር ከ40 ሳንቲም ብቻ ነው። በዓመት 26 ቼክ አለ፣ 2,600 ዶላር ከፍላ 717 ዶላር ከ60 ሳንቲም አተረፈች ማለት ነው። ይህን ገንዘብ ማንም በፖስታ አይልክላትም።

ትልቁ ጥቅም ግን ይሄ አይደለም። ቀጣሪዋ በየቼኩ 300 ዶላር ከራሱ ይጨምራል እንበል። በዓመት 7,800። በደመወዝ መልክ ቢሰጣት ኖሮ በዚያው ስሌት 2,150 ዶላር ያህል በታክስ ይሄድ ነበር። በኢንሹራንስ መልክ ሲመጣ ግን ሙሉው ይደርሳታል። «ኢንሹራንሱን ትቼ በሰዓት ሁለት ዶላር ይጨመርልኝ» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ይህንን ነው የምነግረው። አንዳንድ ድርጅት ኢንሹራንስ አልፈልግም ላለ ሠራተኛ በምትኩ ጥሬ ገንዘብ ይሰጣል፣ እሱ ገንዘብ ታክስ አለበት።

ሁለት ነገር ሳልናገር አልለፍ። አንደኛ፣ ጥቅሙ ፍትሐዊ አይደለም። በ22 በመቶ እርከን ላይ ያለ ጎረቤቷ በዚያው 100 ዶላር ላይ 37 ዶላር ከ60 ያተርፋል፣ ደመወዙ ትልቅ የሆነው የበለጠ ያገኛል። ሕጉን እኔ አላወጣሁትም። ሁለተኛ፣ ከታክስ በፊት የሚቆረጠው ገንዘብ የሶሻል ሴኩሪቲ መዝገባችሁ ላይ እንደ ደመወዝ ስለማይቆጠር የወደፊት ጡረታችሁን በትንሹ ይቀንሳል። በትንሹ ነው። ዛሬ የሚተርፈው ይበልጣል ባይ ነኝ።

3ኛ፦ ኦፕን ኢንሮልመንት ላይ አትተኙ

ኦፕን ኢንሮልመንት ማለት በዓመት አንዴ ኢንሹራንስ የሚመረጥበት ጊዜ ነው። በአብዛኛው ድርጅት ምርጫው የሚከፈተው በመከር፣ ኦክቶበርና ኖቬምበር አካባቢ ነው። ኢሜይሉ ይመጣል፣ እናያለን፣ «ነገ» እንላለን። ከታክስ በፊት የሚቆረጥ ነገር አንዴ ከተመረጠ በዓመቱ መሀል እንዲሁ መቀየር አይቻልም። ሕጉ ነው። ስለዚህ «ካልተመቸኝ እቀይረዋለሁ» ብላችሁ አትግቡ።

የፕላኖቹን ዋጋ ስታወዳድሩ በየቼኩ የሚቆረጠውን ብቻ አትዩ። ዲዳክቲብሉን፣ ማለትም ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪሳችሁ የምታወጡትን፣ እና በዓመት ቢበዛ የምትከፍሉትን ጣሪያ አብራችሁ እዩ። የወር ክፍያው የረከሰው ፕላን ለታማሚ ሰው ብዙ ጊዜ ውድ ነው።

4ኛ፦ 30 ቀኑን ቁጠሩ

በዓመቱ መሀል መቀየር የሚቻለው ሕይወት ሲቀየር ነው። ጋብቻ፣ ልጅ መውለድ፣ ፍቺ፣ የትዳር ጓደኛ ሥራና ኢንሹራንስ ማጣት። ብዙው ቀጣሪ የሚሰጠው ጊዜ 30 ቀን ነው። ሜዲኬይድ (ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው ያለው የመንግሥት ኢንሹራንስ) ሲቋረጥባችሁ ግን 60 ቀን አላችሁ።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። ወንድ ልጅ ተወልዶልን ቤቱ በገንፎና በጠያቂ ተሞልቷል። የልጁ ሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ እስኪመጣ ብዬ ኢንሹራንሱን አዘገየሁት። ክርስትናው በ40 ቀን፣ እንግዳው ሲሸኝ፣ ድንኳኑ ሲፈርስ፣ «ወይኔ፣ ኢንሹራንሱ!» አልኩ። ቀን ቆጠርኩ፣ 43። ኤች አር ያለችው ሴትዮ በትሕትና «አዝናለሁ፣ እስከ ኦፕን ኢንሮልመንት ጠብቅ» አለችኝ። ልጁን በሚስቴም በኩል ማስገባት አልቻልንም፣ የእሷም 30 ቀን አልፏል።

ስለዚህ ክርስትናን አትጠብቁ። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርም አትጠብቁ፣ ልጁን መጀመሪያ አስመዝግቡት፣ ቁጥሩ ሲመጣ ትሰጣላችሁ። በ30 ቀን ውስጥ ካመለከታችሁ ሽፋኑ ወደ ኋላ ተመልሶ ከተወለደበት ቀን ይጀምራል፣ የሆስፒታሉንም ሒሳብ ይይዛል። በኢሜይል ጻፉላቸው፣ ቀኑ ይመዝገብ።

5ኛ፦ ኤች ኤስ ኤ ወይስ ኤፍ ኤስ ኤ?

ሁለቱም ለሕክምና የሚሆን ገንዘብ ከታክስ በፊት የሚቀመጥባቸው ናቸው። ስማቸው ይመሳሰል እንጂ ጠባያቸው ለየቅል ነው።

ኤፍ ኤስ ኤ የቀጣሪው ነው። በ2026 እስከ 3,400 ዶላር ማስቀመጥ ይቻላል። ደስ የሚለው፣ የዓመቱን ሙሉ ገንዘብ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማውጣት ትችላላችሁ፣ ገና ሳይቆረጥባችሁ። ጃንዋሪ ላይ መነጽርና ጥርስ ላለበት ሰው ጥሩ ነው። የሚያናድደው ደግሞ ዓመቱ ሲያልቅ ያልተጠቀማችሁበት ይቃጠላል። አንዳንድ ቀጣሪ ከ2026 ወደሚቀጥለው ዓመት እስከ 680 ዶላር እንዲሻገር ይፈቅዳል፣ ሌላው አይፈቅድም። ጠይቁ። ዲሴምበር መጨረሻ ላይ ፋርማሲ ገብቶ የራስ ምታት መድኃኒት በካርቶን መግዛት እንዳይመጣ። (ከ2020 ወዲህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ መድኃኒቶችና የወር አበባ መጠበቂያ ተፈቅደዋል፣ ቢያንስ እሱ አለ።)

ኤች ኤስ ኤ የእናንተ ነው። አይቃጠልም፣ ሥራ ብትለቁም ይከተላችኋል፣ ኢንቨስት ማድረግም ይቻላል። ሲገባ ታክስ የለበትም፣ ሲያድግ የለበትም፣ ለሕክምና ሲወጣም የለበትም። እንዲህ ሦስት ጊዜ ከታክስ የሚያመልጥ ነገር በአሜሪካ ሕግ ውስጥ ብዙ የለም። በ2026 ለአንድ ሰው 4,400፣ ለቤተሰብ 8,750 ዶላር ነው ጣሪያው፣ 55 ዓመት የሞላው 1,000 ይጨምራል። ቀጣሪያችሁ የሚያስገባላችሁም እዚያው ጣሪያ ውስጥ ይቆጠራል። በፔይሮል በኩል አስቆርጡ። ራሳችሁ ከባንክ ብታስገቡት የገቢ ታክሱን ታተርፋላችሁ እንጂ 7.65 በመቶው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ቆረጣ አይመለስም።

ግን በር ላይ ቆሞ የሚፈትሽ አለ። ኢንሹራንሳችሁ ዲዳክቲብሉ ከፍ ያለ መሆን አለበት፦ በ2026 ቢያንስ 1,700 ለአንድ ሰው፣ 3,400 ለቤተሰብ። ሜዲኬር ወይም ሜዲኬይድ ያለው ሰው ማስገባት አይችልም። ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ ደግሞ ይሄ ነው፦ ባል ኤች ኤስ ኤ ከፍቶ ሚስት በሥራዋ መደበኛ ኤፍ ኤስ ኤ ከያዘች ባልየው ኤች ኤስ ኤው ውስጥ ገንዘብ ማስገባት አይችልም። የእሷ ኤፍ ኤስ ኤ የእሱንም ሕክምና ሊከፍል ስለሚችል ነው። ፎርሙን ከመሙላታችሁ በፊት ማታ እራት ላይ ተነጋገሩ። ካሊፎርኒያና ኒው ጀርሲ ያላችሁ ደግሞ፣ የእናንተ ስቴት የኤች ኤስ ኤውን ቅናሽ አያውቀውም፣ የስቴት ታክስ ትከፍላላችሁ።

አዲስ አበባ ሄዳችሁ ጥርስ ብታሠሩስ? ይቻላል። እዚህም እዚያም ሕጋዊ የሆነ ሕክምና ከሆነ በኤች ኤስ ኤ ይከፈላል። ካርዱ እዚያ እሺ ላይላችሁ ይችላል፣ በብር ክፈሉ፣ ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ስትመለሱ በዶላር አስልታችሁ ለራሳችሁ አውጡ። ጥርስ ለማንጣት ግን አይሆንም፣ ያ ለውበት ነው። ሻንጣ ሙሉ መድኃኒት ገዝቶ እዚህ ማምጣትም አይታሰብ።

የእናትስ ሕክምና? ይህን ሁሉም ይጠይቀኛል። እናታችሁ ግሪን ካርድ ኖሯት አብራችሁ የምትኖር ከሆነና ከግማሽ በላይ የኑሮዋን ወጪ የምትችሉ ከሆነ ለእሷ ከኤች ኤስ ኤ መክፈል ይቻላል። የሥራችሁ ኢንሹራንስ ውስጥ ማስገባት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ አብዛኛው ቀጣሪ ወላጅ አይቀበልም። አገር ቤት ላለች እናት የሚላክ የሕክምና ገንዘብ፣ እሷ የአሜሪካ ዜጋ ወይም ነዋሪ እስካልሆነች ድረስ፣ ከኤች ኤስ ኤ አይወጣም። ያለ አግባብ ካወጣችሁት 65 ዓመት ሳይሞላችሁ 20 በመቶ ቅጣትና የገቢ ታክስ አለ።

6ኛ፦ ቤተሰቡ ሁሉ በእናንተ በኩል መግባት አለበት?

ግዴታ አይደለም። ብዙ ቀጣሪ ለሠራተኛው ጥሩ ይከፍልና ለቤተሰቡ እጁን ይሰበስባል። ከ2023 በፊት ለሠራተኛው ብቻ ያለው ዋጋ ርካሽ ከሆነ ቤተሰቡ በሙሉ ከኦባማኬር ድጎማ፣ ማለትም ኢንሹራንስ በራሱ ለሚገዛ ሰው መንግሥት ከሚያግዘው ክፍያ፣ ይከለከል ነበር። አሁን የቤተሰቡ ዋጋ ለብቻው ይመዘናል።

ምሳሌ፦ አራት ሰው ያለበት ቤት፣ ገቢው 70,000። ለሠራተኛው ብቻ በየቼኩ 100 ዶላር፣ በዓመት 2,600። ለቤተሰብ 350 ዶላር፣ በዓመት 9,100። ይህ ከገቢው 13 በመቶ ነው። የ2026 መስፈርት 9.96 በመቶ ስለሆነ ከዚያ ይበልጣል። እንግዲህ ሠራተኛው በሥራው ይቆያል፣ ሚስትየው በኦባማኬር የኢንሹራንስ ገበያ (ማርኬትፕሌስ) በኩል፣ ሜሪላንድ ከሆነ በሜሪላንድ ሄልዝ ኮኔክሽን፣ ድጎማ ልትጠይቅ ትችላለች። ልጆቹ ደግሞ በዚህ ገቢ ለስቴቱ የልጆች ፕሮግራም ይታያሉ። ሁለቱንም መንገድ አስልታችሁ የሚረክሰውን ምረጡ። በሥራ በኩል ያለው ከታክስ በፊት የሚቆረጥ መሆኑን በስሌቱ ውስጥ አትርሱ።

አደራ የምለው አንድ ነገር፦ ማመልከቻው ላይ «በሥራ በኩል ኢንሹራንስ ቀርቦልሃል?» ሲባል የቀረበላችሁን በእውነት ሙሉ። የማይገባችሁን ድጎማ ከወሰዳችሁ ከ2026 ጀምሮ ሙሉውን ነው የምትመልሱት። ድሮ መካከለኛና ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሰው የመመለሻ ጣሪያ ነበረ። ተነሥቷል።

7ኛ፦ ደብሊው-2 ሲመጣ አስተያዩት

የዓመቱን የመጨረሻ ፔይ ስታብ ያዙ። ከጠቅላላ ደመወዝ ላይ ከታክስ በፊት የተቆረጠውን ኢንሹራንስ፣ በፔይሮል የተቆረጠ ኤፍ ኤስ ኤ ወይም ኤች ኤስ ኤ ካለም እሱን ጨምራችሁ፣ ቀንሱ። ቦክስ 5 ላይ ያለው ቁጥር ከዚያ ጋር መቀራረብ አለበት። የእኛዋ ሠራተኛ 52,000 ሲቀነስ 2,600፣ 49,400። ቦክስ 5ን የመረጥኩት 401ኬ፣ ማለትም በሥራ በኩል የሚቆጠበው የጡረታ ገንዘብ፣ ስለማይነካው ነው። ቦክስ 5 ላይ 52,000 ካያችሁ ገንዘባችሁ ከታክስ በኋላ ነው የተቆረጠው፣ ወደ 1ኛው ተመለሱ።

ቦክስ 12 ላይ ዲዲ ያለው የእናንተና የቀጣሪው ድርሻ ድምር ነው፣ ለማሳወቅ ብቻ። የእሷ 2,600 እና የቀጣሪዋ 7,800፣ ያው 10,400። ትንንሽ ድርጅቶች ላይጽፉት ይችላሉ፣ አትደንግጡ። ደብሊው የሚል ፊደል ካለ ደግሞ የኤች ኤስ ኤ ገንዘብ ነው፣ ፎርም 8889 መሞላት አለበት። ታክስ የሚሠራላችሁን ሰው ኤች ኤስ ኤ እንዳላችሁ ንገሩት። እና አንዴ ከታክስ በፊት የወጣን ፕሪሚየም (የኢንሹራንስ ክፍያ) እንደገና እንደ ሕክምና ወጪ ቀንስልኝ አትበሉት። እሺ የሚላችሁ ከሆነ ሌላ ሰው ፈልጉ።

ኡበር ለምትነዱና ምግብ ቤት ላላችሁ

በግል የምትሠሩ ሰዎች ይህ ሁሉ አይመለከታችሁም፣ ግን ባዶ እጃችሁንም አይደላችሁም። የኢንሹራንስ ክፍያችሁን ከገቢ ላይ መቀነስ ትችላላችሁ። የገቢ ታክሱን ብቻ ነው እንጂ 15.3 በመቶውን የግል ሥራ ታክስ አይነካም። በትዳር ጓደኛችሁ ቀጣሪ በኩል መግባት በምትችሉባቸው ወራት ግን፣ ባትገቡም፣ ይህ አይፈቀድም።

አራት አምስት ሠራተኛ ያለው ሬስቶራንት ወይም ሱቅ ያላችሁ ደግሞ ሠራተኛው የሚከፍለውን ከታክስ በፊት ለማድረግ የሚያስፈልገው በዋናነት የተጻፈ የሴክሽን 125 ሰነድ ነው። የፔይሮል ድርጅታችሁን ጠይቁ። ሠራተኞችም አለቃችሁን ስትጠይቁ በልመና አትጠይቁ፦ በዚህ መንገድ በሚቆረጥ በእያንዳንዱ 100 ዶላር እሱም ብዙውን ጊዜ 7 ዶላር ከ65 ያተርፋል። ይህን ሲሰማ ወንበር ይስባል።

ሥራ ስትለቁ

ቀኑን ከማሳወቃችሁ በፊት ኢንሹራንሱ የሚያልቀው በለቀቃችሁበት ቀን ነው ወይስ በወሩ መጨረሻ ብላችሁ ጠይቁ። ኤፍ ኤስ ኤ ካላችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ተጠቀሙበት፣ ካወጣችሁት ውስጥ ገና ያልተቆረጠባችሁን መልሱ አትባሉም። 20 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ከሆነ ኮብራ ይሰጣችኋል፦ ያንኑ ኢንሹራንስ ብዙውን ጊዜ እስከ 18 ወር፣ ግን ሙሉውን ዋጋና 2 በመቶ ጨምራችሁ። የቀጣሪው ድርሻ ምን ያህል እንደነበር ያኔ ይገባል፣ በየቼኩ 100 ስትከፍል የነበረችው ሴት በወር 884 ዶላር ትጠየቃለች። ለመወሰን 60 ቀን አላችሁ፣ በትዳር ጓደኛችሁ ሥራ በኩል ለመግባት ግን ያው 30 ቀን ነው፣ ሁለቱን አታምታቱ። ኮብራውን ከመረጣችሁና ኤች ኤስ ኤ ውስጥ የቆጠባችሁት ካለ፣ ክፍያውን ከእሱ መክፈል ይፈቀዳል።